ከሐዋሳ ወደ አዳማ፦ ነፋሱ፣ ደለሉና የተቃጠለው ዘይት

የአክስቴ ልጅ ለፋብሪካና ለኃይል ማመንጫ ሠራተኞች የአካባቢ አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናው እንቅልፍ ያመጣል ብሎ ራሱ ያማዋል። ስለዚህ አዳማ ዙሪያ ያሉትን ማመንጫዎች ዞሮ አይቶ፣ መሬት ላይ ያለ ምሳሌ ይዞ መመለስ ፈለገ። እኔ ደግሞ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። "መኝታ በጋራ እንከፍላለን፣ ራት እናቴ ጋ ነው" አለኝ። ተስማማሁ።

አዳማ ለዚህ ጉዳይ የተመቸች ከተማ ናት። በአንድ ወገን ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖች ተደርድረዋል። በሌላው ወገን አዋሽ ቆቃ ላይ ተገድቧል። ወረድ ሲሉ በዚያው ወንዝ ላይ ሌሎች ሁለት ማመንጫዎች አሉ። ሁሉንም አዳማ እያደሩ ማየት ይቻላል።

አስቀድሜ ልናገር፤ የማመንጫዎቹ ግቢ ውስጥ አልገባንም። ለመግባት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ አልያዝንም። ያየነው ከአጥሩ ወዲህ ያለውን ነው። እሱም ቀላል አይደለም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017፦ ከሐዋሳ እስከ አዳማ

ከሐዋሳ መናኸሪያ የወጣነው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሚኒባሱ በሰው 600 ብር ጠየቀ። አንድ ተሳፋሪ "ታሪፉ ስንት ነው?" አለ። ረዳቱ እንዳልሰማ ሆነ። አርሲ ነገሌ ላይ ቁርስ በላን፤ የጾም ፍርፍርና ሻይ ለሁለት 220 ብር። ላንጋኖ በቀኝ በኩል ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ቡልቡላ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሙልጭ ያለ ነው። ሾፌሩ "እስከ ቡልቡላ ያደርሰናል" አለ፣ እውነትም አደረሰን። ጎሚስታው ግን ገና አልመጣም። ስልክ ተደወለለት። "መንገድ ላይ ነኝ" አለ። ከቤቱ ወደ ሱቁ ያለው መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት።

ግራር ስር ተቀምጠን የአክስቴ ልጅ ፋይሉን አወጣ። አይኤስኦ 14001 ስለሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ ደረጃ ያስረዳኝ ጀመር። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ በ2015 በደንብ ተሻሽሏል። ደረጃውን የሚከተል ድርጅት የበላይ አመራሩ የፈረመበት ፖሊሲ ሊኖረው ይገባል። በፖሊሲው ውስጥ የማይቀሩ ሦስት ቃሎች አሉ። አካባቢን እንጠብቃለን፣ ብክለትን እንከላከላለን የሚለው አንዱ ነው። ሕግ እናከብራለን የሚለው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ደግሞ አያያዛችንን ሳናቋርጥ እናሻሽላለን ይላል።

"ይቺን ወረቀት ሁሉም ይወዳታል" አለኝ። "ፍሬም ትደረጋለች። እንግዳ መቀበያ ላይ፣ ከሶፋው በላይ ትሰቀላለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሥራ ነው። የተቀየረው ዘይት የት ገባ? ጎርፉ በየት ወረደ? ማን መዘገበው? ይሄን ፍሬም የሚያደርግ የለም።"

የአገራችን ሕግም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አስቀምጧል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖው እንዲገመገም ያዛል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብክለትን ይከለክላል፤ የበከለም እንዲያጸዳ ያስገድዳል። አዋጆቹን ከቡልቡላ በፊት ቁጥራቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ጎሚስታው ይባረክ።

ከባቱ በኋላ ፈጣኑ መንገድ ላይ ወጣን። ለመኪና ምቹ፣ ለሆድ ደረቅ መንገድ ነው። በአሮጌው መንገድ መቂ ላይ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ በመስኮት ይገባ ነበር። እዚህ አጥር ነው፣ ሻጭ የለም። ሞጆ ደረስን፣ አዳማ ገባን።

ከመኪና ስንወርድ ነፋሱ አቧራ ይዞ ተቀበለን። የሐዋሳ ሰው ነፋስ የሚያውቀው ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ሲመጣ ነው። የአዳማው ሰዓት አይመርጥም።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ግቢው በእንግዳ ተሞልቷል። ለቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱ ዘመዶች ከአዲስ አበባ መጥተው እዚያ አርፈዋል። "ልጆቼ፣ ዘንድሮ መተኛ የለኝም፤ መብላት ግን እዚህ ነው" አለች። ሽሮ ተጋቢኖ፣ ጎመንና ቃሪያ ቀረበ። ከዚያ አልቤርጎ ፍለጋ ወጣን። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ አዳማ ውስጥ አልጋ ይወደዳል። በሌላ ጊዜ 800 ብር የሚባል ክፍል 1,300 ብር ገባ። ተከራከርን፤ 1,200 ሆነ።

ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የሆቴሉ ጄኔሬተር የሚጮኸው በእኛ መስኮት ስር ነው። ጭሱ በመጋረጃው በኩል እየገባ ሌሊቱን አሳለን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15፦ ኮረብታው ላይ

ጠዋት መጀመሪያ ያየነው ጄኔሬተሩን ነው። ከሥሩ ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ጀሪካኑ ሞልቶ ዘይቱ በከንፈሩ ይወርዳል። መሬቱ ጠቁሮ፣ ረግቶ፣ ሲረግጡት እንደ አስፋልት ሆኗል። ጥቁሩ መስመር እስከ ፍሳሽ ቦዩ ይሄዳል። አጠገቡ አንድ የፓፓያ ዛፍ አለ፤ በዚያ ወገን ያሉት ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ናቸው።

ዘበኛውን "የተቃጠለውን ዘይት የት ታደርጉታላችሁ?" ብለን ጠየቅን።

"ሰዎች ይወስዱታል። ለአጥር እንጨት ይቀቡታል፣ ምስጥ እንዳይበላው።"

የአክስቴ ልጅ ፎቶ አነሳ። ደስ አለው መሰለኝ። የዘይት በርሜል የሚቀመጥበት ገንዳ ከትልቁ በርሜል 110 በመቶ መያዝ አለበት የሚል የታወቀ መመዘኛ አለ። በርሜሉ ቢቀደድ ሁሉም ዘይት ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብ ቢጨመርበትም ወዲያው አይፈስም። ግማሽ ጀሪካን ይህን ፈተና አያልፍም። ሰው አካባቢ ሲባል ጫካና አንበሳ ይታየዋል። የኃይል ማመንጫ ዕለታዊ የአካባቢ ሥራ ግን ባብዛኛው ይህ ነው፦ ገንዳ፣ ክዳን፣ ቁልፍ፣ መዝገብ።

ወደ ነፋስ ማመንጫው ለመውጣት ባጃጅ በ800 ብር ኮንትራት ያዝን። ባጃጁ እስከ ዳገቱ ግማሽ ቆንጆ ሄደ። ከዚያ አቃተው። ወርደን ገፋን። ሾፌሩ ከላይ ሆኖ "አይዞን!" ይለናል።

ተርባይኖቹ ከከተማው ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። ከሥራቸው ሲቆሙ አንገት ያምማል። "አዳማ አንድ" የሚባለው ማመንጫ 34 ተርባይን አለው፣ 51 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። አዳማ ሁለት በ2007 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 102 ተርባይን፣ 153 ሜጋ ዋት። ሁለቱንም የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፣ ብድሩም ባብዛኛው ከዚያው ነው። ንብረቱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

ስንደርስ ወቅቱ የአውድማ ነበር። ከአንዱ ተርባይን ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ገበሬ ከልጆቹ ጋር ጤፍ ያወጣል። የአክስቴ ልጅ አዳማ ስላደገ ኦሮምኛ ይችላል። "አካም ጂርቱ ኦቦ" ብሎ ተጠጋ። ሰውየው ላይዳውን እንደያዙ ቆመዋል። ነፋስ እየጠበቁ ነው። ዓይናቸው ያለው ግን ተርባይኑ ላይ ነው። ክንፉ ፍጥነት ሲጨምር ላይዳውን አነሱ። ገለባው ወደ አንድ ወገን በነነ፣ ጤፉ ሥራቸው ወረደ። ክንፉ ሲዘገይ ደግሞ ቆሙ። ያንን ሁሉ ብረት ነፋስ ማያ አድርገውታል።

ከብቶቹስ አልደነገጡም? ብለን ጠየቅን። መጀመሪያ ሰሞን ይሸሹ ነበር አሉ። አሁን ፀሐይ ሲበረታ የማማውን ጥላ እየተከተሉ ይተኛሉ። ድምፁ በርግጥ አለ፤ ሹ ይላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ሹ ይላል። ለአንድ ቀን ጎብኚ አይከብድም። ማታ ማታ አጠገቡ ለሚተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ጎብኚ ሊመሰክር አይችልም።

የአክስቴ ልጅ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው የሚያየው። ማማዎቹን ለመትከል ኮረብታው ላይ መንገድ ተቆርጧል። መንገድ ደግሞ የክረምት ጎርፍ ይሰበስባል። ቁልቁለቱ ላይ በድንጋይ የተሠሩ ትንንሽ ክትሮች አሉ። ከአንዱ በስተላይ ጥሩ አፈር ተከማችቷል፤ ሣርም በቅሎበታል። "ይሄ ነው ፖሊሲው" አለና ፎቶ አነሳ።

ቀጥሎ ወፍ ፍለጋ ጀመረ። ስምጥ ሸለቆ ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚፈልሱ ንስሮች፣ ጭላቶችና ራዛዎች የሚጓዙበት የታወቀ የአየር መንገድ ነው። ትልልቅ ወፎች በሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ስለሚሄዱ ተርባይን ሲገጥማቸው ቶሎ መታጠፍ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ የነፋስ ማመንጫ አያያዝ አንዱ ሥራ በማማዎቹ ሥር እየዞሩ የሞተ ወፍ መፈለግና መመዝገብ ነው። ሥራው ሽታ አለው፣ ክብር ግን የለውም። እኛ ያገኘነው አንድ የቁራ ላባ ብቻ ነው። ቁራው ራሱ ግራር ላይ ሆኖ ይጮኽብናል።

ዘይቱስ? ብዙ የነፋስ ተርባይኖች ከላይ ሳጥናቸው ውስጥ የማርሽ ሳጥን አላቸው። በውስጡ በመቶዎች ሊትር የሚቆጠር ዘይት አለ። ሲቀየር ከዚያ ከፍታ ወርዶ የሆነ ቦታ መግባት አለበት። የአዳማ አንድ ተርባይኖች የማርሽ ሳጥን የሌላቸው ዓይነት ናቸው፣ ክንፉ ጄኔሬተሩን በቀጥታ ያዞራል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ፈካ። ማሽን ሲመረጥ የሚወሰን የአካባቢ ጉዳይ አለ ማለቱ ነው። ያልተገዛ ዘይት አይፈስም።

የዚህ ነፋስ ሌላው ጥሩ ነገር ወቅቱ ነው። የአገራችን መብራት ባብዛኛው ከውሃ ነው። ነፋሱ ደግሞ የሚበረታው በበጋ፣ ግድቦች እየቀነሱ ሲሄዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ኮረብታው ላይ የቆመ ሰው ይህን ለማመን ቁጥር አያስፈልገውም። ኮፍያዬ ሁለቴ ሄዷል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16፦ ቆቃ

በሞጆ በኩል ቆቃ ከተማ ወረድን። ዕቅዱ መጀመሪያ ግድቡን፣ ከዚያ ምሳ ነበር። የአሳ ጥብስ ሽታ ቅደም ተከተሉን ቀየረው።

የአክስቴ ልጅ አሳ አዘዘ፣ 350 ብር። እኔ በያይነቱ በላሁ፣ 180 ብር። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለማታ አቆየነው፤ አክስቴ ፊት ደግሞ ባናነሳው ይሻላል ተባብለን ጨረስን። አሳውን ቀመስኩ እንዴ? ለመዓዛው ያህል። ጭቃ ጭቃ ይላል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ከሐይቅ ወጥቶ ወዲያው በዳጣ የሚበላውን የለመደ ሰው ለቆቃ አሳ ፍርድ ባይሰጥ ጥሩ ነው።

ሐይቁ ዳር አንድ ወጣት አሳ አጥማጅ መረቡን ያጸዳል። ከአሳው ይልቅ ቅጠል ይበዛዋል። እምቦጭ ነው። አንዱን ግንድ አነሳሁት። ከሥሩ ያበጠ፣ በጣት ሲጫኑት ስፖንጅ የሚመስል፣ ቅጠሉ ያበራል። ሥሩ እንደ ጥቁር ላባ የተበተነ ነው። ጨመቅኩት። በእጄ ላይ ቡናማ ደለል ተፍለቀለቀ፤ ልስልስ ያለ፣ ድንጋይ የሌለበት። የሰው እርሻ ነው እጄ ላይ ያለው።

ብዙ ሰው እምቦጭን የሚያውቀው በጣና ነው። የጣናው ዜና የተሰማው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። እዚህ ቆቃና አዋሽ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር የታየው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው መዝገብ ይሄ ነው። ጣና ላይ አገር ሲነሳ ቆቃ ስንት ዓመት ዝም ተባለ? አሳ አጥማጁ ይህን አልጠየቀም። መረቡን እያራገፈ "ቀትር ላይ ነፋሱ ወደዚያ ማዶ ይገፋልናል" አለ።

የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራ ነው። 43.2 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ የሕዳሴው ግድብ አንድ ተርባይን ብቻ ቆቃን ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ግን ቆቃን በሜጋ ዋት ብቻ መመዘን ልክ አይመስለኝም። ከበታቹ ያለው ሸንኮራ አገዳ፣ ከወንጂ እስከ መተሐራ፣ ከዚያም አልፎ መካከለኛው አዋሽ ያለው መስኖ ሁሉ ውሃ የሚያገኘው ቆቃ ቋጥሮ ሲለቅለት ነው።

በሩ ላይ ደረስን። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ገና ከኪሱ ሲያወጣ ዘበኛው ቀድሞት "ጌታው፣ ስልኩ ይግባ" አለ። በትሕትና ነው፣ ግን ድጋሚ የሚያስብል አይደለም። ግድብ ፎቶ አይነሳም። ሰላም ተባብለን ተመለስን። ሥራውን ነው የሠራው።

ከበሩ ራቅ ብለን ውሃውን የሚያሳይ ከፍታ ላይ ተቀመጥን። እዚህ ላይ የአክስቴ ልጅና እኔ ተጨቃጨቅን።

እሱ እንዲህ ይላል። አንድ ማመንጫ ቃል መግባት የሚችለው በእጁ ስላለው ነገር ነው። ዘይቱን ይያዝ፣ ቆሻሻውን ይለይ፣ ውሃ ሲለቅ አስቀድሞ ያስጠንቅቅ፣ ግቢውን ይትከል። እነዚህ ይለካሉ፣ ኦዲት ይደረጋሉ።

እኔ ደግሞ እጄ ላይ የነበረውን ደለል አልረሳሁም። አዋሽ የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው። በበቾ ሜዳ ያልፋል። አቃቂ የአዲስ አበባን እጣቢ ይዞ ይቀላቀለዋል። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉበት ከተማ አልፎ እዚሁ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁን የሚሞላው አፈርና ፍሳሽ ከአጥሩ ብዙ ርቀት ላይ ነው የሚጀምረው። ቆቃ ከተመረቀ ጀምሮ ብዙ የማጠራቀም አቅሙን በደለል አጥቷል። ግቢውን የቱን ያህል ቢያጸዱት፣ ጊንጪ ላይ እርከን ካልተሠራ ተርባይኑ አንድ ቀን ጭቃ ይጠጣል። ስለዚህ ፍሬም ውስጥ ያለው ወረቀት "ከአጥሩ በላይ ላለው ተፋሰስም ድርሻዬን አወጣለሁ" ካላለ ግማሽ ወረቀት ነው።

"ታዲያ ማን ይክፈል?" አለኝ።

"ከውሃው የሚጠቀም ሁሉ። መብራቱም፣ ስኳሩም፣ አበባውም።"

"ይሄን ሥልጠና ላይ ብናገር ምሳ አይሰጡኝም።"

አንድ ነገር ላይ ግን ተስማማን፤ እሱም የማስጠንቀቂያው ነገር። ነሐሴ 2012 አዋሽ ሞልቶ አፋር ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ክረምት ጠንክሮ ግድብ ውሃ መልቀቅ ግድ ሲሆን፣ ታች ላለው ሰው በእኩለ ሌሊት የሚደወል ስልክ የአካባቢ አያያዝ ሥራ ነው። ማን ይደውላል፣ ለማን፣ ካላነሳስ? ይህ ተጽፎ፣ በልምምድ ተሞክሮ መቀመጥ አለበት። ያን ሰሞን ደግሞ ፈንታሌ በኩል መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ጉዳዩ ሩቅ አልመሰለንም። አክስቴ ማታ "ትናንትና አልጋዬን ሲወዘውዘው ገብርኤልን ነው የጠራሁት" ብላ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17፦ አዋሽ መልካሳና ሶደሬ

አዋሽ ሁለት እና አዋሽ ሦስት የሚባሉት ማመንጫዎች ከቆቃ በታች፣ በዚህ በኩል ናቸው። እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966፣ ሁለተኛው በ1971 ሥራ ጀመረ። ቆቃ ተርባይን ያዞረው ውሃ ወንጂን አጠጥቶ፣ እዚህ ወርዶ ሁለቴ ደግሞ ያዞራል። አዲስ ሐይቅ ሳይፈጠር፣ ብዙ መሬት ሳይሰምጥ ተጨማሪ መብራት ማለት ነው። የስድሳዎቹ መሐንዲሶች ስለ አካባቢ ፖሊሲ ሰምተው ላያውቁ ይችላሉ፤ ይህቺን ግን አሳምረዋታል። በተቃራኒው ላይኛው ቆቃ ከታመመ ሦስቱም አብረው ያስላሉ።

ሶደሬ ለመታጠብ ገባን። ፍል ውሃው ጥሩ ነው፤ ከወንዶ ገነት ጋር ላወዳድር ብዬ ነበር፣ ወንዶ ገነት በጥላው ይበልጣል፣ ሶደሬ በሙቀቱ። ከገንዳ ስንወጣ አንድ ጦጣ የአክስቴን ልጅ ፌስታል ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ውስጡ ዳቦና የሥልጠናው ፋይል አለ። ዳቦውን በላ። ፋይሉን አገላበጠው፣ አንድ ወረቀት ነከሰ፣ ወደ ታች ወረወረው። የትኛው ወረቀት እንደተነከሰ አይተን ሳቅን፤ የአካባቢ ፖሊሲው ናሙና ነው።

ማታ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ከቁልቢ ተጓዦቹ አንዷ፣ እናት ናቸው፣ የአክስቴን ልጅ ሥራ ሰምተው ጥያቄ አመጡ። "ልጄ፣ የትራንስፎርመር ዘይት ለቁርጥማት ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?" አሉት።

የአክስቴ ልጅ ስኒውን አስቀመጠ። "እማማ፣ በፍጹም እንዳይነኩት" አለ። በድሮ ትራንስፎርመሮች ውስጥ ፒሲቢ የሚባል ኬሚካል ያለበት ዘይት እንደነበር አስረዳቸው። ሙቀት ስለሚችል ይወደድ ነበር። ግን በቀላሉ አይበሰብስም፣ በሰውና በእንስሳ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ካንሰር ያመጣል። የስቶክሆልም ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ውል አለ፣ ኢትዮጵያም ፈርማለች። በውሉ መሠረት ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ከአገልግሎት መውጣት፣ ዘይቱም እስከ 2028 በአግባቡ መወገድ አለበት። ከውጭ አይቶ የትኛው ዘይት ፒሲቢ እንዳለበት ማንም አያውቅም፤ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ስለዚህ የመብራት ድርጅት አሮጌ ትራንስፎርመር ሲያወርድ ቁራጭ ብረት ነው ብሎ ቢሸጠው መርዙን አብሮ ሸጠ ማለት ነው።

እናትየው በጥሞና ሰሙት። "እንግዲያ ቫዝሊን ይሻላል" አሉ። አክስቴ ሁለተኛውን ቀዳች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18፦ መልስ

አዳማ በጠዋት ተጨናንቃለች። ወደ ቁልቢ የሚሄደው መኪና ሁሉ ጥሩንባ ነው። እኛ በተቃራኒው ስለሄድን መንገዱ ቀለለን። መናኸሪያው ላይ ግን ዋጋው 700 ብር ሆኖ ጠበቀን፤ "በዓል ነው" ተባልን። በዓሉ ወደ ምሥራቅ፣ ጭማሪው ወደ ደቡብ።

ባቱ ላይ ለምሳ ወረድን። እዚህ አሳ ሾርባ 120 ብር ነበር። የአክስቴ ልጅ አሁንም በላ።

ከባቱ ወደ ላንጋኖ ሲኬድ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የአሉቶ ተራራ ይታያል። የአገሪቱ የመጀመሪያው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ እዚያ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር የተተከለ፣ 7.3 ሜጋ ዋት የሚይዝ ትንሽ ነገር። ጉድጓዶቹ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ከሥር ያለው ሙቀት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ጭስ የለው፣ ግድብ የለው። ነገር ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከእንፋሎቱ ጋር የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይወጣል። ብዙ ከተከማቸ ሰው ይገድላል። ጨዋማው ሙቅ ውሃም ፍሎራይድ ስላለበት ሜዳ ላይ አይለቀቅም፤ ተመልሶ ወደ ከርሰ ምድር መግባት አለበት። የስምጥ ሸለቆ ሰው ፍሎራይድ ጥርስን ምን እንደሚያደርግ አይነገረውም።

መቆም ፈልገን ነበር። ሾፌሩ ግን ሐዋሳ ላይ ጭነት ይጠብቀዋል። በመስኮት ነው ያየነው።

ሻሸመኔ እንደ ልማዷ አቆየችን። ሐዋሳ የገባነው 11 ሰዓት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ በማግስቱ ስላይዱን ልኮልኛል። የጄኔሬተሩ ጀሪካን አለ፣ የኮረብታው ክትር አለ፣ እጄ ላይ ያለው ደለልም አለ። ስለ ተፋሰሱ አንድ ገጽ ጨምሯል። ምሳውን እንግዲህ ያያታል።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው፦ ነፋስ ማመንጫው አጠገብ ለመድረስ ባጃጅ ሳይሆን ጠንከር ያለ መኪና ያዙ። ለአቧራው ሻሽ ወይም ማስክ አይቅር። ግቢ መግባት ካሰባችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደብዳቤ ጨርሱ፤ ግድብ አጠገብ ስልክ አታውጡ። ከታኅሣሥ 16 እስከ 20 አዳማ አልጋ ውድ ነው። ሶደሬ ላይ ደግሞ ዳቦ በፌስታል እንዳትይዙ።